ግንዱ የተቦረቦረ ዛፍ፦ ታሪኩና አጠባበቁ በላፍቶና በመካኒሳ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት ለሚያስተላልፈው መሣሪያ በአማርኛ የወጣለት ስም ሲሆን፣ «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር እነዚህ ሁለት ስሞች ተጣምረው የአንድ አስተዳደር መጠሪያ ሆኑ። አንደኛው የዘመናዊ ሥልጣኔ መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው መሣሪያው ከመምጣቱ አስቀድሞ በዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ የነበረ ዛፍ ነው። የላፍቶ ጎረቤት የሆነው መካኒሳም ስሙ ከዛፍ የተወሰደ ነው፤ በኦሮምኛ መካኒሳ ወይም በካኒሳ የሚባለው ዛፍ በአማርኛ ብሳና የምንለው ነው።

እነዚህ ዛፎች ለቦታው ስማቸውን ሰጥተው ራሳቸው ግን ከቦታው እየጠፉ ሄደዋል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በአንድ የመቃብር ስፍራ ዳር፣ ወይም በትንሹ አቃቂ ወንዝ አፋፍ ላይ የቀሩ ጥቂት አሮጌ ዛፎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ግንዳቸው የተቦረቦረ፣ ልባቸው የበሰበሰ፣ ከላይ ቅጠላቸው እየለመለመ ከውስጥ ግን ባዶ የሆኑ ናቸው። ሰው እንዲህ ያለውን ዛፍ ባየ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሞቷልና ይቆረጥ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ ከታሪክም ከዕፅዋት ጥናትም አንጻር መመርመር፣ ቀጥሎም ለእነዚህ አሮጌ ዛፎች ሊደረግላቸው የሚገባውን ጥበቃ ማመልከት ነው።

ሀ. በሰፈር ስም ብቻ የቀረ ደን

የአዲስ አበባን የሰፈር ስሞች በጥሞና ያጤነ ሰው፣ ከአፉ የማይለያቸው ቃላት የዛፍ ስሞች መሆናቸውን ይረዳል። ዛሬ ፒያሳ የምንለው የአራዳ አካባቢ ጥንት ቢርቢርሳ ይባል ነበር፤ ቢርቢርሳ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት ነው። በስተ ምሥራቅ ሾላ፣ በስተ ምዕራብ ወይራ ሰፈር፣ በስተ ደቡብ ላፍቶና መካኒሳ ይገኛሉ። አንድ ቦታ በዛፍ ስም የሚጠራው በከንቱ አይደለም። ዛፉ ለመንገደኛ ምልክት፣ ለእረኛ መጠለያ፣ ለሸንጎ ጥላ ሆኖ ሲያገለግል፣ ሰዎች «ከግራሩ ዘንድ እንገናኝ»፣ «ከብሳናው በታች እጠብቅሃለሁ» መባባል ሲለምዱ ስሙ ከዛፉ ወደ መሬቱ ይሸጋገራል። ዛፉ ከወደቀም በኋላ ስሙ ይቀራል።

ዛፎቹ ወዴት ሄዱ የሚለውን ጥያቄ የመናገሻይቱ ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል። ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ እነርሱና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ፣ የእንጦጦ ተራራ ለቤት ሥራና ለማገዶ በሚቆረጠው እንጨት ምክንያት መራቆት ጀምሮ ነበር። አዲሲቱ ከተማም ብዙ ሠራዊት፣ ብዙ ቤተኛ፣ ብዙ ባለ ጉዳይ የሚሰበሰብባት እንደ መሆኗ፣ በዙሪያዋ ያለውን ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈጀችው። ማገዶ የሚመጣበት መንገድ እየራቀ በመሄዱም ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሕንፃ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ሲቀር ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ከመዛወር ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን እንደ ገባ ይታመናል፤ እንዲመጣ ያደረገውም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው እየተባለ ይነገራል። በፍጥነት የሚያድግ፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደ ገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ከተማይቱ ማገዶዋንና የቤቷን ማገር ከእርሱ አገኘች። ውለታው ሊካድ የማይገባው ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፋችን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቆረጥ የማያረጅ ዛፍ ሆኗል። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ለወፍና ለእንስሳት መኖሪያ የሚበቃ ክፍተት በግንዱ ውስጥ ለማበጀት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በእኛ ዘንድ ግን ለአጥር ወይም ለቤት መሥሪያ ሲደርስ ይወድቃል። እንግዲህ አዲስ አበባ ዛፍ ሞልቷት ሳለ አሮጌ ዛፍ ያጣች ከተማ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። ከምኒልክ ዘመን በፊት የበቀለ አንድ ወይራ ወይም አንድ ጥድ በላፍቶ ሲገኝ ልዩ ግምት ሊሰጠው የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ለ. ዛፍ ያረጀባቸው ስፍራዎች

በአገራችን ዛፍ እስኪያረጅ ድረስ የቆየው ምሳር እንዳይገባ በተከለከለባቸው ስፍራዎች ነው። ከእነዚህ ስፍራዎች ቀዳሚው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በደጋው አገር ሜዳው ሁሉ ታርሶ፣ ኮረብታው ሁሉ ተራቁቶ ሳለ በሩቅ ክብ ሆኖ የሚታየው ጥቁር አረንጓዴ ደን ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ቦታ ያመለክታል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ጥድ ደንም በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ይህ ከሆነ ዛፍ መትከልና የተተከለውን ከምሳር መጠበቅ በአገራችን ለዘመናት የቆየ የመንግሥት ሥራ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የሸንጎና የአድባር ዛፍ ነው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣው፣ ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በኦዳ ጥላ ሥር ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በዱከም አቅራቢያ የሚታወቀው ኦዳ ነቤ ከእነዚህ ታላላቅ የጉባኤ ስፍራዎች አንዱ ነው። በአማራውም አገር ዋርካውና ሾላው የመንደሩ አድባር ሆኖ ግንዱ ቅቤ ሲቀባ፣ ከሥሩ ቡና ሲፈላበት፣ በጥላው ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ ደም ሲያደርቁ ኖሯል። እነዚህ ስፍራዎች ዛፉን የጠበቁት በዕፅዋት ጥናት ተመርተው አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤቱ አንድ ነው፤ ዛፉ ሳይነካ አረጀ፤ ሲያረጅም ውስጡ ተቦረቦረ፤ መቦርቦሩም ክብሩን አልቀነሰበትም።

የዚህ ግሩም ምስክር በኤርትራ በከረን ከተማ አጠገብ የሚገኘው ማርያም ደዓሪት የተባለው ዛፍ ነው። በግዙፍ ግንዱ ውስጥ ባለው ክፍተት የእመቤታችን ማርያም ምስል ቆሞበት ዛፉ ራሱ እንደ ጸሎት ቤት ያገለግላል፤ በየዓመቱም ግንቦት 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ይሳለመዋል። በ1933 ዓ.ም. በተደረገው የከረን ጦርነት የጣሊያን ወታደሮች በዚያ ክፍተት ውስጥ እንደ ተጠለሉ ይነገራል። ዛፉም ከዚያ ጦርነት በኋላ ቆሞ ቀረ። ከረን ቆላማ፣ ላፍቶ ደጋ፣ ዛፉም ልዩ ልዩ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁለቱም ይሠራል፤ ባዶ ግንድ የሞት ምልክት ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚያ ዛፍ ፊት ሊቆም አይችልም።

ሐ. ክፍተቱ ምንድን ነው?

ዛፍ እንደ እንስሳ በልቡ የሚኖር ፍጡር አይደለም። ውሃና ምግብ የሚመላለስበት ሕያው ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ያለው የውጭው ንብርብር ነው። ዛፉ በየዓመቱ በውጭ በኩል አዲስ እንጨት ሲጨምር፣ በመካከል ያለው አሮጌ እንጨት ውሃ ማመላለሱን ትቶ ይሞታል፤ ከዚያም በኋላ አገልግሎቱ እንደ ምሰሶ ሆኖ ዛፉን መደገፍ ብቻ ይሆናል። ቅርንጫፍ ሲገነጠል፣ መብረቅ ሲመታው፣ ከብት ቅርፊቱን ሲልጠው ወይም መጥረቢያ ሲያቆስለው ግንዱ ይከፈታል። በዚያ ቁስል በኩል በዓይን የማይታይ የፈንገስ ዘር ይገባና የሞተውን እንጨት ቀስ በቀስ ይመገበዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ በግንዱ ጎን ላይ ወጥቶ የምናየው እንደ መደርደሪያ የተዘረጋ ጠንካራ የጅብ ጥላ የዚያ ስውር ሥራ ፍሬ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች በተለይ የጥድን ልብ የሚበላ ፈንገስ ስላለ፣ ያረጀ ጥድ ሲወድቅ መካከሉ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው።

መካከሉ ባዶ የሆነ ነገር ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ሸምበቆና ቀርከሃ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ነፋስ ሲመታቸው ይታጠፋሉ እንጂ በቀላሉ አይሰበሩም። ለግንድ ብርታት የሚሰጠው ከሁሉ ይልቅ የውጭው ግድግዳ ነው። ከዚህም በላይ ልቡ የበሰበሰ ዛፍ ብስባሹን መልሶ ይጠቀምበታል፤ አንዳንድ ዛፎች ከግንዳቸው ወደ ክፍተቱ ውስጥ ሥር እየሰደዱ በበሰበሰው በራሳቸው እንጨት ይመገባሉ።

ክፍተቱ ለዛፉ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ንብ ሰው ቀፎ ሳይሠራላት በፊት ከቤቶቿ አንዱ የዛፍ ክፍተት ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ግንድ ተፈልፍሎ ከዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ የዚያን ክፍተት አምሳል የያዘ ነው። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ግንባሯ ቢጫ የሆነ በቀቀን ጎጆዋን የምታገኘው በዛፍ ክፍተት ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ጧት ጧት የምትጮኸው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀንም እንዲሁ ናት። ግንደ ቆርቁር በምንቃሯ ፈልፍላ የተወችውን ቀዳዳ ሌሎች ወፎች ይወርሱታል። በደናችን ከሚኖሩት ምንቃረ ትልቅ ወፎች መካከል ደግሞ እንስቷ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ወደ ዛፉ ክፍተት ገብታ መግቢያው በጭቃ የሚዘጋባት አለች፤ ተባዕቱ በተረፈው ጠባብ ቀዳዳ በኩል እርሷንም ጫጩቶቿንም ይመግባል። ወጣት ዛፍ ምንም ያህል ቢለመልም ለእነዚህ ፍጥረታት ቤት ሊሆናቸው አይችልም። የተቦረቦረውን ዛፍ የምንቆርጥ ከሆነ ሌላ ዛፍ እስኪያረጅ ድረስ መኖሪያቸውን አጠፋን ማለት ነው።

መ. ዛፍን እንደ ጥርስ መሙላት

የተቦረቦረ ዛፍን ለማዳን የታሰበው ዘዴ ሁሉ ዛፉን ጠቅሞታል ማለት አይቻልም። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት የኖረው ጆን ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1901 ስለ ዛፍ ሕክምና አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የዛፍ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ መሆን የጀመረውም በዚያ ዘመን ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ዛፉን እንደ ታመመ ጥርስ ቈጠሩት። የበሰበሰውን እንጨት ጤናማው እስኪገኝ ድረስ ፋቁ፤ ባዶውን በሲሚንቶ ሞሉት፤ ቁስሉን በቀለምና በሬንጅ ቀቡት። ይህ አሠራር ለብዙ ዘመን በዓለም ላይ ተሠራጭቶ ኖሯል።

በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በአንድ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ወይራ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተመልክቷል። ከብዙ ዓመታት በፊት ክፍተቱ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልቶ ነበር። በግቢው ያረጁት ዘበኛ ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ለዛፉ አዝነን ነው ልጄ፤ ልጆች እሳት እያነደዱበት፣ ሌባ የሰረቀውን እየደበቀበት ቢያስቸግረን ደፈንነው» ብለው መለሱ። አሳባቸው መልካም ነበር። ሲሚንቶው ግን ከእንጨቱ ጋር አብሮ አልኖረም። ዛፉ ነፋስ በመታው ቁጥር ሲወዛወዝ ሲሚንቶው የማይወዛወዝ በመሆኑ በሁለቱ መካከል ስንጥቅ ተፈጠረ፤ በስንጥቁ የገባው የዝናብ ውሃ መውጫ አጥቶ ከሲሚንቶው ጀርባ ያለውን እንጨት እያበሰበሰው ሄደ። ዛፉ ግን በራሱ በኩል ሥራውን አላቋረጠም። በክፍተቱ ዙሪያ እንደ ወፍራም ከንፈር የተጠቀለለ አዲስ እንጨት አብቅሎ በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ እየተሳበ ነበር።

የዚህን ከንፈር ምሥጢር በሚገባ ያስረዳው አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ አሌክስ ሺጎ ነው። ሺጎ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በአገሩ የደን መሥሪያ ቤት ሲያገለግል በሺህ የሚቈጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ የመበስበስን መንገድ ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ ዛፍ እንደ እንስሳ የቆሰለውን ሥጋ በአዲስ ሥጋ አይተካም፤ ቁስሉን አጥሮ ከሌላው ይለየዋል እንጂ። አጥሩም አራት ግድግዳዎች አሉት። አንደኛው መበስበስ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ የውሃውን ቧንቧዎች ይደፍናል፤ ሁለተኛው ወደ ውስጥ፣ ሦስተኛው ወደ ጎን እንዳይስፋፋ ይከለክላል፤ ከሁሉ የሚበረታው አራተኛው ከቁስሉ በኋላ በሚያድገው አዲስ እንጨትና በአሮጌው መካከል ይቆማል። ከእንግዲህ ወዲያ የጥንቶቹ ሐኪሞች ስሕተት ግልጽ ሆነ። የበሰበሰውን እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ የሚፍቅ ሰው ዛፉ በድካም የሠራውን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ጠላትንም ወደ ጤናማው ክፍል ያስገባል። ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ግንዱን መብሳትም ይህንኑ ጉዳት ያመጣል። ቀለምና ሬንጅም መበስበስን እንደማያግድ ታወቀ።

ግንዱ ምን ያህል ቢቦረቦር ለአደጋ እንደሚያሰጋ ለማወቅ ደግሞ ጀርመናዊው ክላውስ ማቴክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ መለኪያ አቀረበ። ጤናማው የግንድ ግድግዳ ከግንዱ ወገብ እኩሌታ፣ ማለትም ከመካከሉ እስከ ዳሩ ካለው ርቀት፣ አንድ ሦስተኛ ያህል ውፍረት እስካለው ድረስ ግንዱ በመቦርቦሩ ብቻ የመሰበር አዝማሚያው አነስተኛ ነው። የግንዱ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ጤናማ ግድግዳ ይበቃዋል ማለት ነው። ይህ መለኪያ የማይጣስ ሕግ ተደርጎ እንዳይወሰድ ብዙ ባለሙያዎች አስጠንቅቀዋል፤ ክፍተቱ ወደ ውጭ በሰፊው የተከፈተ ከሆነ፣ ግንዱ ካዘነበለ ወይም ሥሩ ከበሰበሰ ስሌቱ ይለወጣል። ሆኖም «ባዶ ነውና ይወድቃል» የሚለውን የችኮላ ፍርድ ለማረም ይበቃል።

ሠ. ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የአጠባበቅ ደንብ ከብዙ ወጪ ይልቅ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መጀመሪያ ክፍተቱን መተው ነው፤ አይፋቅ፣ አይደፈን፣ አይበሳ። እሳት ግን ፈጽሞ ሊገባበት አይገባም። ማር ለመቁረጥ ንቧን በጭስ የሚያባርር ሰው፣ ቆሻሻ የሚያቃጥል ጎረቤት፣ በክፍተቱ ውስጥ ጧፍ የሚያበራ ምእመን፣ ሦስቱም ሳያውቁት የቀረውን ግድግዳ ከውስጥ ያሳሱታል። ልጆችና ሌቦች እንዳይገቡ ካስፈለገ በሲሚንቶ ፋንታ ከግንዱ ራቅ ያለ ቀላል አጥር ይበቃል።

ሁለተኛው ሥሩን መጠበቅ ነው። የዛፍ ሥር አብዛኛው በጥልቀት የሚወርድ ሳይሆን ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ የሚዘረጋ ነው። ግቢ ሲነጠፍ እስከ ግንዱ ድረስ የሚፈስሰው ሲሚንቶ፣ ለውሃ ቧንቧ የሚቆፈረው ቦይ፣ በጥላው ሥር የሚቆመው መኪና አሮጌውን ዛፍ ከመቦርቦር ይልቅ ፈጥነው ይገድሉታል። ዛፉ በወደቀ ጊዜ ግን ሁሉም ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ክፍተቱ ነው። በደቡብ ጎንደር የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ ያስገነቧቸው የድንጋይ ካቦች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። ከብት እንዳይገባ ሲከለከል፣ መሬቱ ከመረገጥ ሲድን፣ ችግኙ ከአሮጌው ዛፍ ሥር ራሱ ይበቅላል።

ሦስተኛው ሸክሙን ማቅለል ነው። የግንዱ ግድግዳ የሳሳ ከሆነ ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች ከጫፋቸው ጥቂት በጥቂት፣ በብዙ ዓመታት ከፍሎ ማሳጠር ነፋስ የሚያሳድረውን ጫና ይቀንሳል። ሲቆረጥም በቅርንጫፉ ግርጌ ያለውን ያበጠ ቀለበት ሳይነኩ ሊሆን ይገባል፤ ዛፉ አጥሩን የሚሠራው በዚያ ቀለበት ነውና። ለኤሌክትሪክ ሽቦ መንገድ ለመክፈት ተብሎ ራሱ የተገመሰ ዛፍ ግን አዲስ ቁስል፣ አዲስ መበስበስ ይቀበላል። በግንዱ ላይ ማስታወቂያ በሚስማር መምታትም ለፈንገስ በር መክፈት ነው። በጣም የተዘረጋ ቅርንጫፍን በምሰሶ መደገፍ ደግሞ ከመቁረጥ ይሻላል።

በአንጻሩ ሊወድቅ የደረሰውን ዛፍ ማወቅ ግዴታ ነው፤ የሰው ሕይወት ከዛፍ ዕድሜ ይበልጣልና። በግንዱ ላይ ወደ ታች የሚሄድ አዲስ ስንጥቅ፣ በአንድ ወገን የተነሣ አፈር፣ በቅርብ ጊዜ የጀመረ ማዘንበል፣ በግርጌው ዙሪያ የወጣ የጅብ ጥላ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። ግንዱን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን እየመቱ ድምፁን ማዳመጥም የቆየ ዘዴ ነው፤ ጤናማው ክፍል ጠጣር ድምፅ ሲሰጥ የሳሳው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ዛፉ በእርግጥ አስጊ ሆኖ ከተገኘም መፍትሔው ሁልጊዜ ከሥሩ መገንደስ አይደለም። ግንዱን ለአደጋ በማያሰጋ ቁመት አሳጥሮ ቢያቆሙት ለወፏና ለንቧ ለብዙ ዓመታት መኖሪያ ይሆናል።

ረ. ዕድሜ አይተከልም

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባስጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ አስታውቋል። ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ሕዝቡ ችግኝ ይዞ ይወጣል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ችግኝ የሚተክል እጅና አሮጌ ዛፍ የሚጠብቅ እጅ አንድ መሆን ይኖርበታል። ዛሬ በላፍቶ የሚተከል ጥድ ለበቀቀን ጎጆ የሚሆን ክፍተት እስኪያበጅ ድረስ የተከላው ልጅ ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጁም ያረጃል። ችግኝ በገንዘብ ይገዛል፤ በዘመቻ ይተከላል፤ መቶ ዓመት ግን በዘመቻ አይገኝም።

አበው «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ። በእኛ ከተማ ምሳሩ የሚበዛው ዛፉ ሳይወድቅ፣ ገና ቅጠል እያወጣ ሳለ ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ግቢ ሲታደስ፣ ሕንፃ ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈረድበት የተቦረቦረው ነው፤ ለመቁረጥ ምክንያት የሚሆን ጉድለት በግልጽ ይታይበታልና። ስለዚህ ጉዳዩ ለአትክልተኞች ብቻ የሚተው አይደለም። ጥንታዊ ቤቶችን በቅርስነት እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ በየወረዳው የቀሩትን አሮጌ ዛፎች በስማቸው፣ በግንዳቸው ስፋትና በቆሙበት ቦታ መመዝገብ ይቻላል። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው የመለኪያ ገመድና ደብተር ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆችና የሰንበት ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሽማግሌዎችም ስለ እያንዳንዱ ዛፍ የሚያውቁት ነገር አብሮ ቢጻፍ የሰፈሩ ታሪክ ከዛፉ ጋር ይጠበቃል።

ከላይ የተጠቀሰው ወይራ ዛሬም ቆሟል። ሲሚንቶው ከፊሉ ተሰንጥቆ ወድቋል፤ ዘበኛውም ቀሪውን ለመድፈን አላሰቡም። ባለፈው ክረምት ከክፍተቱ ሥር ወፎች ከጣሉት ፍሬ የበቀሉ ሁለት የወይራ ችግኞች ታይተዋል። ዘበኛው ማንም እንዳይረግጣቸው በዙሪያቸው ድንጋይ ደርድረውላቸዋል።